የቤዝቦል ለቅሶ አያያዝ፡ ለማሪነርስ ደጋፊና ለመሰሎቹ

ኦክቶበር 20፣ 2025 ማታ፣ በኛ ጥቅምት 10 መሆኑ ነው፣ ጨዋታው እንዳለቀ ቲቪውን አጥፍቼ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፣ ባለቤቴ ከኪችን ብቅ ብላ ፊቴን አየችና ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። "ምነው፣ ከሀገር ቤት ተደወለ እንዴ?" አለችኝ። ማን ሞተ ማለቷ ነው። "ስፕሪንገር" ከማለት ውጪ ቃል አልወጣኝም። "ነፍስ ይማር፣ የት ነው የምታውቀው?" አለች።

ስፕሪንገር አልሞተም፣ እድሜ ይስጠው። ጆርጅ ስፕሪንገር የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ተጫዋች ነው፣ በዛች ማታ 7ኛው ኢኒንግ ላይ (ጨዋታው 9 ኢኒንግ፣ 9 ዙር በሉት፣ አለው) ሁለት የቲሙ ሰው ቤዝ በሚባለው የሩጫ ማረፊያ ላይ ቆሞለት ኳሷን በግራ በኩል ከአጥር አሻግሮ ላካት፣ ሆምረን የሚሉት ነው፣ መቺውም ቤዝ ላይ ያሉትም ሁሉም ነጥብ ይሆናሉ፣ 3 ለ 1 ስንመራ የነበርነው ሰዎች 4 ለ 3 ተመሪ ሆንን፣ በዛው አለቀ። ጨዋታ 7 ነው፣ ማለትም ወደ ፍጻሜው ለማለፍ ከሚደረጉት ሰባቱ የመጨረሻው፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል፣ ነገ የለውም። ሲያትል ማሪነርስ ከ1977 ጀምሮ ያለ ቲም ነው፣ ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ቲሞች ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን ፍጻሜ አንድም ቀን ረግጦ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው፣ እና ኳሷ ስትመታ 8 አውት ነበር የቀረን። 8 አውት ማለት 8 ሰው ማስወጣት ነው፣ አቦል ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ የሚያልቅ ስራ።

አሁን አርባ ቀኑ ሊሞላ ነው። በነዚህ ቀኖች ያልሰራሁት ስህተት የለም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰው፣ የማሪነርስም ይሁን የሌላ ቲም ደጋፊ፣ አያያዙን ልጻፍለት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደጠፋባችሁ እወቁ። እግር ኳስ የለመድን ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እግር ኳስ በሳምንት አንዴ ነው፣ ተናደህ ታርፋለህ፣ ቅዳሜ ደሞ ይመጣል። ቤዝቦል ግን ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም 162 ጨዋታ ነው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እኔ ስቴዲየሙ አካባቢ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሰራው፣ የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ ቡዝ የምንላት፣ ውስጥ ትንሽ ሬድዮ አለች፣ ስድስት ወር ሙሉ መኪና ሳስገባና ሳስወጣ እሷ ነች የምታወራኝ፣ የማዳምጣት እንኳን ባይመስለኝ ድምጿ ይሰማኛል። ሀገር ቤት ሀምሌና ነሀሴ ማለት ዝናብና ቆሎ ነው፣ እዚህ ቤዝቦል ነው። ስለዚህ ሲያልቅ ዋንጫ የጠፋባችሁ እንዳይመስላችሁ፣ የጠፋው የማታው ድምጽ ነው፣ ከቤት ሰው ወጥቶ የቀረ ነው የሚመስለው። ይሄን ያልገባው ሰው "ጨዋታ እኮ ነው" ይላችኋል፣ አትከራከሩት።

የመጀመሪያው ማታ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ስልክና እራት። ስልኩን ለባለቤታችሁ ስጧት፣ ወይ መኪና ውስጥ ተዉት፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም ምክንያቱም መልሳችሁ ታበሩታላችሁ። እኔ አልሰጠሁም። ከአስር ደቂቃ በኋላ አማቼ ቮይስ ላከልኝ፣ አርሰናል ደጋፊ ነው፣ ሳቁን ብቻ ነው የቀዳው፣ ወደ አርባ ሰከንድ የሚሆን ሳቅ። እኔም የደም ፍላት ይዞኝ "ከ2004 ጀምሮ ሊግ ያልበላ፣ ሶስት አመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣ ሰው በኔ ይስቃል?" ብዬ መለስኩለት። "እኛ እኮ 2004 ላይ በልተናል፣ እናንተ መቼ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ?" አለኝ። መልስ የለኝም። የማታሸንፉትን ክርክር በዛች ማታ አትጀምሩ፣ አንድ ሽንፈት ይበቃል።

እራት ደሞ ከጨዋታው በፊት ይበላል። በቤዝቦል ለቅሶ እዝን ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የለም። እኔ ሳልበላ ተኝቼ ለሊት 9 ሰአት ላይ ፍሪጅ ከፍቼ ቀዝቃዛ ፍርፍር በእጄ ቆሜ ስበላ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ አየችኝ። ምንም አላለችም፣ መብራቱን አጥፍታልኝ ተመለሰች።

ሰልስት ላይ ስራ አለ። እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልናገር። ከቶሮንቶ በፊት በነበረው ዙር ዲትሮይትን፣ አቻ እየሆነ ከ9 አልፎ፣ በ15 ኢኒንግ ያሸነፍን ጊዜ፣ ኦክቶበር 10፣ የኛው ፖላንኮ መትቶ 3 ለ 2 ያደረጋት ማታ፣ ስራ ላይ ነበርኩ፣ 5 ሰአት የፈጀ ጨዋታ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰአት ካለፈ በኋላ መኪናው ሁሉ በአንዴ እየነፋ ሲወጣ የማላውቀው ሰውዬ በመስኮት እጁን አስገብቶ ጭንቅላቴን አሻሸኝ። ከዛ ቶሮንቶ ሄደው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታ በሰው ሜዳ ሲያሸንፉ በቃ አበድኩ፣ ካሌንደር አውጥቼ ቆጠርኩ፣ ወርልድ ሲሪስ ከገባን የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በሪከርድ፣ ማለትም በሲዝኑ ባሸነፈው ብዛት፣ ስለሚበልጠን ሲያትል ላይ የሚደረጉት ጨዋታ 3፣ 4 እና 5 ናቸው፣ ኦክቶበር 27፣ 28፣ 29። ሄጄ ለሶስቱም ማታ ሺፍት ለወጥኩ። የለወጠኝ ልጅ በምትኩ የታንክስጊቪንግን፣ የአሜሪካኖቹን የምስጋና በአል፣ ቀን ከኔ ላይ ጣለው። ከዛ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ተሸነፍን። ሺፍቱን መልስልኝ ብለው የገርልፍሬንዱን ቤተሰብ ሊያይ ትኬት ቆርጧል፣ የሶስቱን ማታ ስራ ግን እረፍት ምን ያደርግልሃል ብሎ ለኔው መለሰልኝ። ስለዚህ ህጉ ግልጽ ነው፣ አራተኛው ድል ሳይገባ ሺፍት አይለወጥም፣ ኮፍያ አይገዛም፣ ለማንም "ዘንድሮ የኛ ነው" አይባልም።

ስራ ቦታ ላይ ደሞ በእድሜ ከናንተ የሚበልጥ ደጋፊ ፈልጉ። እኛ ጋ አንድ ጋሼ የምንላቸው አሉ፣ ከ2001 በፊት የመጡ። 2001 ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸንፎ ከ1906ቱ የቺካጎ ከብስ ጋር ሪከርድ የተጋራበት አመት ነው፣ ኢቺሮ ከጃፓን መጥቶ የአመቱ አዲስ ተጫዋችም ኤምቪፒም (የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) የሆነበት፣ ከዛ የኒውዮርኩ ያንኪስ በጨዋታ 4 ለ 1 ሸኘን። ጋሼ እኔ ቡዝ ውስጥ ተኮራምቼ ሲያዩኝ "አንተ 90 አሸንፈህ ነው የምታለቅሰው፣ እኛ 116 አሸንፈን ነው የቀረነው" ብለው ቡናቸውን ይዘው ሄዱ። ይሄ ማጽናናት ነው አይደለም አላውቅም፣ ግን እኔን አቃለለኝ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ጥፋታችሁን ተናዘዙ። ጨዋታ 5 ላይ ሲያትል እያለን የኛው ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ብራያን ዉ የወረወራት ኳስ የስፕሪንገርን ጉልበት መታችው፣ በሰአት 95 ማይል አካባቢ የምትሄድ ኳስ ነች፣ ሰውዬው መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ደግፈው አወጡት። እኔ ሬድዮዬ አጠገብ ሆኜ ምን አልኩ? "ይበለው" አልኩ። ድምጼን አውጥቼ። የዛን ማታ ዩሄኒዮ ስዋሬዝ 8ኛው ላይ ግራንድ ስላም፣ ሶስቱም ቤዝ ላይ ሰው ሞልቶ የሚመታ ሆምረን፣ መትቶ 6 ለ 2 አሸነፍን፣ እኔም ረሳሁት። ከሶስት ቀን በኋላ ያ ጉልበቱን የተመታው ሰውዬ ነው ተነስቶ የመታን። ባለቤቴ ይሄን ስነግራት ሳቅ የለ ምን የለ "ግፉ ነዋ" አለች፣ በቃ ለሷ ተዘጋ ፋይሉ። ሳይንስ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ለአንድ ሰው ከነገራችሁት በኋላ ያ ሆምረን ሲደጋገም ማየት እንደድሮው አያቃጥልም።

ከዛ ተወቃሽ መፈለግ ይመጣል፣ አይቀርም። ያን ሰሞን ሲያትል ውስጥ ታክሲ ተራም ብትሄዱ ቸርች በር ላይም ብትቆሙ ጥያቄው አንድ ነው፣ አሰልጣኙ ዳን ዊልሰን ያን ሰአት ለምን ስፕሪንገር የመታበትን ወርዋሪ ባዛርዶን አስገባ፣ አንድሬስ ሙኞዝን የመሰለ ክሎዘር ቡልፔን፣ ተቀያሪ ወርዋሪዎች የሚጠብቁበት ቦታ፣ ቁጭ ብሎ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክሎዘር የሚባለው ጎበዙ ወርዋሪ ነው፣ በልማድ ለ9ኛው ኢኒንግ ይቀመጣል፣ እሳቱ 7ኛው ላይ ሲነሳ የውሃ ጄሪካኑን ለ9ኛው ማስቀመጥ ምን ይሉታል ነው ክርክሩ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ እሱን እኔ ብሆን ሙኞዝን ነበር የማስገባው፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ማስገባት ቀላል ነው በሉኝ እሺ። ግን የማንንም ስም ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ስራ አለባችሁ፣ የቀደሙትን ጨዋታዎች መቁጠር። ጨዋታ 3 እና 4 በራሳችን ሜዳ ነበሩ፣ 13 ለ 4 እና 8 ለ 2 ተመታን፣ ደምሩት፣ 21 ለ 6። ጨዋታ 6 ላይ በተከታታይ ሶስት ኢኒንግ ደብል ፕሌይ ውስጥ ገባን፣ ደብል ፕሌይ ማለት በአንድ ምት ሁለት ሰው ማስበላት ነው፣ ሶስት ኤረርም፣ የሜዳ ስህተት ማለት ነው፣ ሰራን። ያን ሁሉ ማታ ባዛርዶ የት ነበር?

ይሄን በቃል ማስላት ግን አያሳርፍም፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ይዞራል። እኔን ያሳረፈኝ ወረቀት ነው፣ መመሪያውን እንድጽፍ ያደረገኝም ይሄ ነው። ስኮርካርድ ትባላለች፣ የእጅ መዝገብ። በአንድ በኩል 9 መቺዎች በተራቸው ይጻፋሉ፣ ከላይ ደሞ ኢኒንጎቹ ከ1 እስከ 9፣ በመሃል ትንንሽ ሳጥን ይሰራል፣ እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ዳይመንድ፣ የቤዞቹ አራት ማዕዘን ቅርጽ፣ አለ፣ የመቺው ጉዞ እዛ ላይ ይሰመራል። ማስመሪያ ካላችሁ ከልጅ ደብተር ገንጥላችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ እርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ አይሆንም።

የተጫዋቾቹን ቦታ ቁጥሮች ለመያዝ አንድ ማታ ይበቃል። ፒቸር 1 ነው፣ ካቸር፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚቀልበው፣ 2፣ ፈርስት ቤዝ 3፣ ሰከንድ 4፣ ተርድ 5፣ ሾርትስቶፕ፣ በሰከንድና በተርድ መሃል የሚቆመው፣ 6፣ ከኋላ ያሉት ግራ 7፣ መሃል 8፣ ቀኝ 9። ሾርትስቶፑ ኳስ ይዞ ለሰከንድ፣ ሰከንዱ ለፈርስት ከሰጠ 6-4-3 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ በቃ ደብል ፕሌይ ነው። በስትራይክ፣ ማለትም ሶስቴ ሳይመታ ቀርቶ፣ የወጣ ሰው በእንግሊዝኛው ኬ ፊደል ይጻፋል፣ ዱላውን ወዝውዞ ከሳተ ኬዋ በትክክል ትጻፋለች፣ ቆሞ እያየ ካለፈችበት ደሞ ወደኋላ ዞራ። ሆምረን ከሆነ ዳይመንዱን በሙሉ ታጠቁሩታላችሁ።

አሁን የሚከብደውን አድርጉ፣ ያቺኑ ጨዋታ ከፍታችሁ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ መዝግቡ። አንዴ ብቻ። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው ያደረግኩት፣ የ11 አመት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እሷ የኛን ትመዘግባለች እኔ የቶሮንቶን። ቀስ አርጋችሁ ሂዱ፣ እየቆማችሁ። 3ኛው ላይ የኛው ሁሊዮ ሮድሪጌዝ ሆምረን ሲመታ ልጄ ዳይመንዷን ልትቀድ እስክትደርስ አጠቆረችው፣ 5ኛው ላይ ካል ራሊ ደገመ። ከዛ 7ኛው መጣ። እጄ ከብዶኝ ነበር።

ግን ስትጽፉት ሌላ ነገር ታያላችሁ። ስፕሪንገር የመጀመሪያው መቺ ነው፣ ሳጥኑ ወረቀቱ አናት ላይ ነው። መዘዙ የተጀመረው ግን ከታች ነው፣ ከተራው መጨረሻ ካሉት። ባርገር በዎክ፣ ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ስለወረወረለት፣ በነጻ ፈርስት ቤዝ ገባ፣ ካይነር ፋሌፋ በሲንግል፣ አንድ ቤዝ በምታደርስ ምት፣ ተከተለ፣ ሂሜኔዝ ባንት አርጎ፣ ኳሷን በዱላው ነካ ብቻ አድርጎ፣ እራሱን ሰውቶ ሁለቱን ወደፊት ገፋቸው። ከዛ ነው ወረቀቱ አናት ላይ ተመልሰህ ያቺን ዳይመንድ የምታጠቁራት። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ኳስ ነች የገደለችን እያልኩ ሳወራ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ግን ከሆምረኑ ይልቅ ያቺ በነጻ የተሰጠችው ዎክ ነች አይኔ ውስጥ የገባችው። በጣም ትንሽ ነች፣ ማንም የማይጮህባት። በሆምረኑ መናደድ ይቻላል፣ በዎክ ግን እንዴት ነው የሚናደዱት?

የቶሮንቶንና የዶጀርስን ወርልድ ሲሪስ እዩት ወይስ አትዩት ለሚለው፣ ሁለቱን ዝለሉና ከሶስተኛው ጀምሩ እላለሁ፣ እኔ እንደዛ ነው ያረኩት። የሚገርመው ጨዋታ 3 ኦክቶበር 27 ላይ ዋለ፣ ሲያትል ላይ እሆናለሁ ብዬ ሺፍት የለወጥኩባት ማታ። ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሬድዮ ሰማሁት፣ 18 ኢኒንግ ሄደ፣ እኩለ ለሊት ሊሆን ሲል ፍሬዲ ፍሪማን ለዶጀርስ ጨረሰው። ፓርኪንጉ ውስጥ ሶስት መኪና ብቻ ነበር የቀረው። ቶሮንቶ ሲሸነፍ እደሰታለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ በዛች ማታ ተደስቼም ነበር፣ አልዋሽም። ኖቬምበር 1 ጨዋታ 7 ላይ ግን ዋንጫው ሊሰጣቸው 2 አውት ሲቀራቸው ሚጌል ሮሃስ ሆምረን መትቶ አቻ አረገባቸው፣ 11ኛው ላይ ዊል ስሚዝ ጨርሶ 5 ለ 4 ቀሩ። እኛ 8 ቀርቶን፣ እነሱ 2። ስልኬን አንስቼ ቶሮንቶ ላለ የሰፈሬ ልጅ ልደውልለት ብዬ ስንት ሰአት እንደሆነ አሰብኩና ተውኩት፣ ጠዋት ደወልኩለት፣ ስለ ኳስ አንድም ቃል ሳናወራ ስለ እናቱ ስኳር በሽታ ሀያ ደቂቃ አውርተን ዘጋን።

ልጅ ካላችሁ ደሞ ከናንተ የከፋ እንደሚሆን ጠብቁ። የኔዋ ካል ራሊ ነው ነፍሷ። ካል ካቸር ነው፣ በ2025 ሲዝን 60 ሆምረን መታ፣ በካቸር እንዲህ የመታ በታሪክ የለም፣ 60ኛዋን የመታት ሴፕቴምበር 24 ነው፣ በዛችው ማታ ምድቡን ከ2001 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍን፣ ለመስቀል ሶስት ቀን ሲቀረው ስለነበር ልጄ ደመራው የሱ ነው ብላ ነበር። ቅጽል ስሙ ቢግ ደምፐር ነው፣ ከመቀመጫው ትልቀት የመጣ፣ ለእናቴ በስልክ አስረዳ ተብዬ አልቻልኩም። በኖቬምበር የኤምቪፒ ድምጽ ሲቆጠር የያንኪሱ አሮን ጃጅ 17፣ ካል 13 የአንደኝነት ድምጽ ሆኖ እሱም ቀረ። ልጄ ማሊያውን ሳታወልቅ ተኛች። እዚህ ጋ የምመክረው፣ ዳኞቹ ተሳስተዋል አትበሉ፣ ጃጅም ይገባዋል አትበሉ፣ ዝም ብላችሁ ሻይ አፍሉ።

የዊንተሩን ቀን መቁጠር የሚፈልግ ይሄን ይያዝ፣ ባጭሩ። ወርልድ ሲሪስ ካለቀ በኋላ ኮንትራታቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ ይወጣሉ፣ የኛው ጆሽ ኔለር ወጥቶ ነበር፣ በ5 አመት 92.5 ሚሊዮን ዶላር ተመልሶ ፈረመልን፣ ከኦክቶበር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ወሬ። ፖላንኮና ስዋሬዝ በኖቬምበር 2025 ገና ነበሩ። ዲሴምበር ላይ የዊንተር ሚቲንግ የሚባለው ገበያ አለ፣ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ፒቸሮችና ካቸሮች ለልምምድ አሪዞና ፒዮሪያ ይገባሉ፣ ማርች 2026 ላይ የሀገሮች ቤዝቦል ውድድር፣ መጨረሻው ላይ ሲዝኑ። በመሃል ያለውን ጊዜ ስኮርካርድ ይዛችሁ የድሮ ጨዋታ እያያችሁ መሙላት ነው፣ እኛ ከ1995 ጀምረናል፣ ኤድጋር ማርቲኔዝ ያንኪስን የሸኘበትን።

አርባው የሚውለው ከታንክስጊቪንግ ማግስት ነው፣ የነቢያት ጾምም ገብቷል፣ ስለዚህ ተርኪ የለ ምን የለ፣ እኔም በልውውጡ ምክንያት ስራ ነኝ። የጨዋታ 7ን ወረቀት ልጄ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። የመጨረሻዋ ሳጥን የሁሊዮ ናት፣ 9ኛው ኢኒንግ፣ ስትራይክአውት። መጀመሪያ ስትጽፈው ኬዋን ወደኋላ አዙራ ነበር የጻፈችው። "አይ ወዝውዟል እኮ፣ ቆሞ አላየም" አልኳት። መልሰን አየነው፣ ወዝውዟል። ላጲሱን አምጥታ አጠፋችና በትክክል ጻፈችው፣ በጣም ስላሻሸችው ወረቀቱ እዛ ጋ ሳስቷል፣ ከኋላ የፍሪጁ ነጭ ይታያል።